ስለ ወንድ ሸሚዝ ጥራት አመዛዘን

በቤቴል ማታ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚያዘግም ሰው በመንገድ ዳር የተሰቀሉትን ሸሚዞች ሳያይ አያልፍም። ሻጩ ስለ ዕቃው የሚሰጠው ምስክርነት አጭር ነው፤ «ኦርጅናል ነው» ወይም «የቱርክ ነው» ይላል። ገዢውም በአንገቱ ላይ ያለውን ምልክት አንብቦ፥ ጨርቁን ዳስሶ፥ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ነገር ግን ምልክት ለብቻው ተሠርቶ በማናቸውም ሸሚዝ ላይ ሊሰፋ ስለሚችል ስለ ጥራት የሚናገረው ጥቂት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ለሥራ ፈተና የሚቀርብ ወጣት ያለችውን ገንዘብ ለአንድ ሸሚዝ አውጥቶ ኮሌታው በሦስተኛው እጥበት ቢኮማተርበት ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ያለ ልዩ መሣሪያ፥ በዓይኑና በጣቱ ሊያደርገው የሚችለውን ምርመራ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የሚመረመረው ጨርቁ ነው። እናቶቻችን ሸማ ሲገዙ ወደ ብርሃን አንሥተው ድሩና ማጉ እኩል መሆኑን፥ ክሩ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ አለመቅጠኑን ይመለከታሉ። ይኸው ዘዴ ለሸሚዝም ይሠራል። ሳሳ ያለውን ጨርቅ ወፍራም ለማስመሰል ሙጫ ሊደረግበት ስለሚችል ጥቂት ማሸት ይገባል፤ ሙጫው ሲለቅ ጨርቁ ይልፈሰፈሳል። በጭብጥ ጨምድዶ መልቀቅም ይረዳል፤ ጥጥ የጭምድዱን ምልክት ይይዛል፥ ፖሊስተር የበዛበት ግን ቶሎ ይመለሳል። ሆኖም እንዳይጨማደድ በመድኃኒት የተነከረ ጥጥም ስላለ ይህ ብቻውን አይበቃም። የበለጠ የሚያረጋግጠው በቤት የሚደረገው የእሳት ፈተና ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። የሚለኮሰው ክር ግን ከጨርቁ ጠርዝ የተመዘዘ እንጂ ከስፌቱ የተወሰደ መሆን የለበትም፤ የጥጥ ሸሚዝ እንኳ በፖሊስተር ክር ሊሰፋ ይችላልና።

ሁለተኛው ስፌቱ ነው። በደብተር ማስመሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ለክቶ የመርፌውን እርምጃ መቁጠር ነው። በጥሩ ሸሚዝ 7 ወይም 8 ይገኛል፤ በችኮላ በተሰፋው 4 ወይም 5 ነው። መርፌው በተደጋገመ ቁጥር መኪናው በአንድ ሸሚዝ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ የሚፈልግ ፋብሪካ እርምጃውን ያሰፋዋል። ከዚያም ሸሚዙን ገልብጦ ጎኑን ማየት ያስፈልጋል። የጨርቁ ጠርዝ ታጥፎ በስፌቱ ውስጥ ከተቀበረ ሥራው ጠንካራ ነው፤ በኦቨርሎክ ብቻ ተይዞ ከቀረ ቶሎ የተሠራ ነው። ባለ መሥመር ወይም ባለ ካሬ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ የኪሱና የደረቱ መሥመር መጋጠሙን ማየት ነው። መሥመር ለማጋጠም ጨርቅም ጊዜም ይባክናል፤ ይህን ያደረገ ሰፊ በሌላውም ቦታ አለመስነፉ ይገመታል።

ሦስተኛውና ዋናው ኮሌታው ነው። በኮሌታው ውስጥ ቅርጹን የሚይዝ ሌላ ጨርቅ አለ፤ ይህም ወይ ይሰፋል ወይ በሙቀት ይጣበቃል። የተጣበቀ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በደንብ ያልተጣበቀው ግን ሲታጠብና ሲተኮስ እየተላቀቀ አረፋ መሳይ እብጠት ያወጣል። ስለዚህ ሁለቱን የኮሌታ ጫፎች አጋጥሞ ርዝመታቸውን ማመሳከር፥ ከዚያም ኮሌታውን አጥፎ ሲለቁት ያለ ሽብሽብ መመለሱን ማየት ነው። ሸሚዝ በእጅ በሚታሽበት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው የኮሌታው እጥፋትና የእጅጌው ጫፍ ስለሆነ በእኛ ኑሮ ከቁልፍም ከኪስም በፊት የሚመዘነው ይህ ነው። ያለቀውን ኮሌታ ልብስ ሰፊ ፈትቶ ቢገለብጠው የሸሚዙ ዕድሜ ይረዝማል፤ ይህም የሚያዋጣው ጨርቁ ጥሩ ሲሆን ብቻ ነው።

ቁልፍን በሚመለከት ባጭሩ፥ ከባሕር ዛጎል የተሠራው ጉንጭ ሲነካ ይቀዘቅዛል፥ ፕላስቲኩ ግን አይቀዘቅዝም። ይሁን እንጂ ከቁልፉ ዓይነት ይልቅ አተካከሉ ይበልጣል፤ ክሩ ሲጎተት የማይተረተር፥ ቀዳዳውም ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ልባሽ ጨርቅ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ወደ አገር ማስገባቱ የተከለከለ ቢሆንም በየመንደሩ ይሸጣል፤ ብዙዎችም ከአዲሱ ይሻላል ይላሉ። ምክንያቱ አሮጌ መሆኑ አይደለም። አዲስ ሸሚዝ ገና ተስፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ቅርጹን ያልለቀቀ ግን ማስረጃውን በራሱ ላይ ይዟል። እንግዲህ ከላይ የዘረዘርነው ምርመራ አዲሱንም በዚሁ ዓይን ለማየት የሚረዳ ነው።

ይህ ዕውቀት በአገራችን እጅ የሌለ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጣት ሠራተኞች ለውጭ ገበያ ሸሚዝ ሰፍተዋል፤ እዚያም ስፌት ይቆጠራል፥ ኮሌታ ይለካል። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ቢዘጋም፥ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድሏን ብታጣም፥ እጁ የለመደው ሙያ አብሮ አይዘጋም። ለባዕድ ገዢ 8 እርምጃ የሰፋች እጅ ለቤቴል ገዢም መስፋት አያቅታትም፤ ገዢው ግን ቆጥሮ መጠየቅ አለበት። ምልክት ብቻ የሚያነብ ገዢ ምልክት ይሸጥለታል፤ ስፌት የሚቆጥር ገዢ ግን ውሎ አድሮ ስፌት ያገኛል።