በዕጢ ውስጥ የሚቆጠሩ ተከላካዮች

የካንሰር ዕጢ የታመሙ ሴሎች ብቻ የተከመሩበት ሳይሆን፣ የደም ሥሮች፣ ደጋፊ ኅብረ ሕዋሳትና በሽታውን ለመታገል የገቡ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ተደባልቀው የሚገኙበት አካል ነው። ነጭ የደም ሴሎች በዕጢ ውስጥ እንደሚገኙ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1863 አስተውሎ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት ብዛታቸውና የሰፈሩበት ቦታ የታማሚውን ቀጣይ ሁኔታ ሊጠቁም እንደሚችል በመጠን የታየው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፈረንሳዊው ጄሮም ጋሎንና ባልደረቦቹ የትልቁን አንጀት ካንሰር መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ የተከላካይ ሴሎቹ ዓይነት፣ ብዛትና ቦታ ከበሽታው ውጤት ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳዩ። ከዚህ የተወለደው ኢሚዩኖስኮር የተባለው መለኪያ ሲዲ3 እና ሲዲ8 በተሰኙ ፕሮቲኖች የሚለዩትን፣ ቲ ሴሎች የተባሉትን ሊምፎሳይቶች በዕጢው መሐልና በወራሪ ጠርዙ ላይ ለየብቻ በኮምፒውተር ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውና ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 2,681 ታማሚዎችን ያካተተው ጥናትም ውጤታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ዕጢው ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ዝቅተኛ እንደሆነ አረጋግጧል። ቦታው መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ ከአጥር ውጭ የቆመ ዘበኛ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ከገባው ዘበኛ እኩል ሊታይ አይችልም።

በተለመደው አሠራር ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ከአካል የተወሰደን ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ኒውክሊየስን ሰማያዊ፣ የቀረውን ሮዝ በሚያደርጉ ቀለሞች የተነከረውን ስላይድ እያየ በሊምፎሳይት የተያዘውን ቦታ በመቶኛ ይገምታል፤ ይህም የዓይን ግምት በመሆኑ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ስላይድ ላይ የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስላይዱ በስካነር ተነሥቶ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ፒክስሎች የተሠራ ምስል ይሆናል፤ ምስሉ በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል፤ ባለሙያዎች ምልክት ካደረጉባቸው ናሙናዎች የተማረው ፕሮግራምም እያንዳንዱን ካሬ ሊምፎሳይት ያለበት ወይም የሌለበት ብሎ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ በዚህ ዘዴ ከ13 የካንሰር ዓይነቶች 5,202 ስላይዶችን መርምሮ፣ ሴሎቹ የት እንደተከማቹና የት እንደተበታተኑ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጅቷል። የመሣሪያው ትልቁ ብልጫ ጥበብ ሳይሆን የማይሰለች ትዕግሥት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና የቀለም አነካከሩ ወይም ስካነሩ ሲለወጥ ፕሮግራሙ ሊሳሳት፣ የተኮማተረ የካንሰር ኒውክሊየስንም እንደ ሊምፎሳይት ሊቆጥር ይችላል። የጡት ካንሰር በሴቶች ዘንድ ቀዳሚ በሆነባትና ፓቶሎጂስት በማይበቃባት ኢትዮጵያ መሣሪያው ሊጠቅም ቢችልም፣ በሌሎች አገሮች ስላይዶች የተማረ ፕሮግራም በአገሪቱ ናሙናዎች ሳይፈተሽ ሥራ ላይ ሊውል አይገባም። የሆርሞን ተቀባይም ሆነ ብዙ ኸር-2 የተባለ ፕሮቲን የማይገኝበት የጡት ካንሰር ያለባቸውና ሊምፎሳይታቸው የበዛ ታማሚዎች በኬሞቴራፒ ላይ ቅነሳ ሊደረግላቸው ይችል እንደሆነ እየተጠና ባለበት ወቅት፣ በስሕተት የተጨመረ ቁጥር አንዲትን ሴት የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ሊያስቀርባት ይችላል።