የእሳት አደጋ መኪና የሚቀየረው መቼ ነው?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ እሳት ሲነሳ የሚደወለው 18 ቁጥር ላይ ነው። ባልባላ ላይ የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶች ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ ዶራሌ ላይ የኢትዮጵያ ነዳጅ የሚያልፍበት የሆራይዘን ተርሚናል አለ። መኪናው ደርሶ ፓምፑ እምቢ ቢል መዘዙ ከባድ ነው። ታዲያ አንድ መኪና «በቃው» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያዩት ዕድሜውን ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 15 ዓመት ያለፈው መኪና ወደ ተጠባባቂነት እንዲዛወር፣ 25 ያለፈው ደግሞ ከሥራ እንዲወጣ ይመክራል። ይህ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ ያታልላል። መኪናው እሳቱ ዘንድ ለመድረስ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ቢነዳ ነው፤ ከዚያ ቆሞ ሞተሩ ፓምፑን ለሰዓታት ያሽከረክራል። ስለዚህ መታየት ያለበት የሞተር ሰዓት ቆጣሪው ነው። ፎርድ ለፖሊስ መኪኖቹ ቆሞ የሠራን አንድ ሰዓት እንደ 53 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይቆጥረው ነበር። በዚህ ስሌት 3,000 ሰዓት ቆሞ የሠራ ሞተር ቆጣሪው ላይ የማይታይ 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል ማለት ነው። ጣቢያ ሲቆምም አያርፍም፦ 4,000 ሊትር ውኃ የያዘ መኪና ቀን ከሌት 4 ቶን ተሸክሞ ነው የሚያድረው። ባሌስትራው ይደክማል፤ ጎማውም ጥርሱ ባይበላ እንኳ በ7 ዓመት መቀየር አለበት።

ጅቡቲ ላይ ሙቀትና ጨው ይጨመራሉ። በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መኪና ሲጓዝ ራዲያተሩን ነፋስ ያገኘዋል፤ ቆሞ ውኃ ሲገፋ ግን አየር የሚሰጠው ማራገቢያው ብቻ ነው። ወደብ አካባቢ የባሕር ውኃ ከተሳበ ደግሞ ጨዉ የፓምፑን ብረት ይበላዋል፤ ወዲያው በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

ፓምፑ በየዓመቱ ይፈተናል። በማኅበሩ መመዘኛ 20 ደቂቃ በሙሉ አቅሙ በ10 ባር ግፊት፣ ከዚያ 10 ደቂቃ በ70 በመቶ በ14 ባር፣ በመጨረሻም 10 ደቂቃ በግማሽ አቅሙ በ17 ባር ይሠራል። ቢወድቅም መኪናው አለቀለት ማለት አይደለም፤ ፓምፕ ይጠገናል፣ ሞተርም ይወርዳል።

ቁርጡ የሚለየው ሻንሲው ላይ ነው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ በመዶሻ መታ መታ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነና ቅርፊት ከረገፈ ዝገቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል። የበሰበሰ ሻንሲ ላይ አዲስ ፓምፕ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። መለዋወጫው መመረት ካቆመም እንደዚያው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ደብተር ይያዝ፦ መኪናው በዓመት ስንት ቀን ጋራዥ ቆመ? ለጥገናስ ስንት ወጣ? ቀኑም ወጪውም በየዓመቱ ካሻቀበ መልሱ እዚያው አለ። አዲስ መኪና በጀት ተይዞለት፣ ተሠርቶና በመርከብ ተጭኖ እስኪደርስ ብዙ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ትእዛዙ መሰጠት ያለበት አሮጌው የዓመቱን ፈተና ገና እያለፈ ሳለ ነው። ያኔ አሮጌው በተጠባባቂነት ይቆያል፤ ቱቦ ይዘው እሳት ፊት የሚቆሙት ሰዎችም ውኃ አይቋረጥባቸውም።