ጃጅ 762ን ያልፍ ይሆን?

በቤዝቦል በዱላ የተመታች ኳስ በአየር ሄዳ ከሜዳው አጥር ማዶ ካረፈች ሆም ራን ትባላለች። መቺው ማንም ሳይከለክለው አራቱን ማዕዘን ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል። በአሜሪካ ሜጀር ሊግ በዚህ የሚስተካከለው የሌለ ባሪ ቦንድስ ነው። በ2007 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጨዋታ ሲያቆም 762 ደርሶ ነበር። ሃንክ አሮን 755፣ ቤብ ሩት 714 አላቸው።

የኒውዮርክ ያንኪሱ አሮን ጃጅ ይህን ይሰብረዋል? ጉልበቱን ያየ ሰው ምን ያጠራጥራል ይላል። ሁለት ሜትር የሚረዝም ሰው ነው፤ በ2022 62፣ በ2024 58፣ በ2025 ደግሞ 53 መትቷል። ሃንክ አሮን እኮ በ23 የውድድር ዘመን አንድም ጊዜ 50 አልሞላም።

የሃንክ ምስጢር ሌላ ነው፤ በ20 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 42 ዓመቱ ሳያቋርጥ በአማካይ በዓመት 33 ገደማ መታ። ጃጅ ግን ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ስለመጣ፣ የመጀመሪያ ሙሉ ዘመኑን ሲጫወት 25 ዓመት ሆኖት ነበር። በ2018 የእጅ አንጓው ተሰበረ። በ2020 ወረርሽኙ 162ቱን ጨዋታ ወደ 60 አወረደው። በ2023 ኳስ ሲያሳድድ አጥር ገጭቶ የእግር ጣቱን ተጎዳ። እናም በ2025 ማብቂያ በ33 ዓመቱ 368 ላይ ነበር፤ ሃንክ በዚያ ዕድሜ 481 ነበረው።

ቦንድስስ በዚያው ዕድሜ 411 ብቻ አልነበረውም? ነበረው። ግን ሌላው በሚደክምበት ዕድሜ፣ በ2001፣ 73 መትቶ የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ያዘ። ስሙ ከአበረታች መድኃኒት ክስ ጋር ስለተያያዘ የቤዝቦል ዝና አዳራሽ መራጮች እስካሁን አላስገቡትም። የእሱን የማምሻ ዕድሜ ለጃጅ መለኪያ ማድረግ ለእኔ አይታየኝም።

ኳስ ወርዋሪዎችም ዝም ብለው አያዩም። የፈሩትን መቺ ሆን ብለው ወደ መጀመሪያው ማዕዘን በነፃ ያሳልፉታል፤ ቦንድስን በ2004 ብቻ 120 ጊዜ አሳልፈውታል። በዚያ ዙር ሆም ራን የለም።

የጃጅ ውል በ2031 ያበቃል፤ ያኔ 39 ዓመቱ ነው። ከ2025 በኋላ ባሉት 6 ዘመናት ክብረ ወሰኑን ለመስበር 395፣ ማለትም በዓመት 66 ገደማ ያስፈልገዋል። ከምርጥ ዓመቱ ይበልጣል። ሳይጎዳ በየዓመቱ 40 ቢመታ 608 ላይ ይደርሳል፤ 600ን ያለፉት እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው።