የእራት አለባበስ በመርከብ ሽርሽር

የእራት አለባበስ በመርከብ ሽርሽር ማለት የክሩዝ መርከብ ተሳፋሪዎች ማታ ወደ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ሲገቡ እንዲያከብሩት የሚጠየቁት የልብስ ደንብ ነው። ደንቡን የሚያወጣው እያንዳንዱ የመርከብ ኩባንያ በመሆኑ ከመርከብ መርከብ ይለያያል። በአንዱ መርከብ ጂንስ ሱሪ ሲፈቀድ፣ በሌላው በአንዳንድ ምሽቶች ያለ ሙሉ ልብስና ከረባት ወደ አዳራሹ መግባት አይቻልም።

ታሪክ

ልማዱ የመጣው ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ መንገደኛ ያመላልሱ ከነበሩት ታላላቅ መርከቦች ነው። በእነዚህ መርከቦች ተሳፋሪው በማዕረግ ይከፈል ነበር። በአንደኛ ማዕረግ ወንዶች ጥቁር የምሽት ልብስ፣ ሴቶች ረጅም ቀሚስ ለብሰው ለእራት ይቀርባሉ። በሦስተኛ ማዕረግ የሚጓዙት፣ ብዙዎቹ አገር ለቀው የሚሄዱ ስደተኞች፣ በሌላ አዳራሽ በዘወትር ልብሳቸው ይበሉ ነበር። ስለዚህ ልብሱ ማን የትኛው ወገን እንደሆነ ማሳያም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 አገልግሎት የጀመረው የፈረንሳይ መርከብ ኢል ደ ፍራንስ የአንደኛ ማዕረግ መመገቢያ አዳራሹ መግቢያ ትልቅ ደረጃ ነበር። በደረጃው የሚወርድ ሰው አለባበሱ በተቀመጡት ሁሉ ይታያል።

ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ከታይታኒክ ታሪክ መረዳት ይቻላል። መርከቡ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1912 ሲሰጥም አሜሪካዊው ባለሀብት ቤንጃሚን ጉገንሃይም የምሽት ልብሱን ለብሶ ሞቱን እንደጠበቀ በሕይወት የተረፉ ሰዎች ተናግረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1958 የጄት አውሮፕላኖች አትላንቲክን መሻገር ከጀመሩ በኋላ መርከቦቹ መንገደኛ አጡ፤ ቀስ በቀስም ወደ ሽርሽር ዞሩ። በአብዛኞቹ መርከቦች የማዕረግ ክፍፍሉ ሲቀር የአንደኛ ማዕረግ አለባበስ ለሁሉም ተሳፋሪ ደረሰ፤ ይሁን እንጂ በየምሽቱ መሆኑ ቀርቶ በጥቂት የተመረጡ ምሽቶች ብቻ ተወሰነ።

የደንቡ መላላት

እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ተሳፋሪው በፈለገው ሰዓትና በፈለገው ምግብ ቤት የሚበላበትን አሠራር ሲጀምር ግዴታ የነበረውን መደበኛ ምሽት አስቀረ። ሰለብሪቲ እ.ኤ.አ. በ2015 መደበኛ ምሽትን ቀለል ባለ የምሽት አለባበስ ተካው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ብዙው ተሳፋሪ ወደ ወደቡ የሚደርሰው በአውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ ሻንጣ ይመዝናል። ለሁለት ምሽት ብሎ ሙሉ ልብስና ልዩ ጫማ መሸከም፣ ከዚያም በላይ መግዛት፣ ለቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ደንቡ እንዲቆይ የሚፈልጉት ተሳፋሪዎች በበኩላቸው የምሽቱ ድምቀት የሚመጣው ሁሉም ሲለብስ ነው ይላሉ።

ምሳሌ፦ ኩዊን ሜሪ 2

የድሮውን ልማድ አጥብቀው ከያዙት አንዱ የኩናርድ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ኩዊን ሜሪ 2 ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኒውዮርክ ለመሻገር አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሌሊት ይወስድበታል። ደንቡ የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በጋላ ምሽቶች ወንዶች ቱክሲዶ ወይም ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከከረባት ወይም ከፓፒዮን ጋር፣ ሴቶች የምሽት ቀሚስ ወይም የክት ሱሪ ይለብሳሉ። ምሽቱ ጥቁርና ነጭ ወይም የጭምብል ተብሎ ሊሰየም ይችላል። መልበስ ያልፈለገ ሰው አይራብም፤ ኪንግስ ኮርት በሚባለው ቡፌ ቀለል ባለ ልብስ መብላት ይችላል።

ኩባንያው የክብር የአገር ልብስንም ይቀበላል። በዚህ መሠረት የሐበሻ ቀሚስ ከነጠላ ጋር፣ ወይም እጀ ጠባብ ከነኩታው የለበሰ ሰው ደንቡን ያሟላል ማለት ነው፤ ቱክሲዶ መከራየት አያስፈልገውም።

በተግባር

መደበኛ ምሽት በሌለባቸው መርከቦችም ቢሆን በዋናው አዳራሽ የዋና ልብስ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራና ባዶ እግር በአጠቃላይ አይፈቀድም። ቁምጣ ግን በአንዳንዶቹ ይፈቀዳል። አዳራሾቹ በማቀዝቀዣ ስለሚበርዱ ትከሻ የሚሸፍን ነገር መያዝ ይጠቅማል። ከእራት ጋር ባይያያዝም፣ ጃማይካና ባርቤዶስን በመሳሰሉ የካሪቢያን አገሮች ሲቪል ሰው የወታደር ዝንጉርጉር ልብስ መልበሱ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እንዲህ ያለው ልብስ ቤት ቢቀር ይሻላል።

የልብስ ካውያ በእሳት አደጋ ምክንያት በአብዛኞቹ መርከቦች ወደ መኝታ ክፍል አይገባም። አንዳንድ መርከቦች የጋራ ማጠቢያና መተኮሻ ክፍል አላቸው፤ በሌሎቹ በክፍያ ይተኮሳል።

ሌላው ጉዳይ የሻንጣው ጉዞ ነው። በወደብ የተረከቡትን ሻንጣ ሠራተኞቹ ክፍል በር ላይ የሚያደርሱት ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ምሽት ልብስ በእጅ ቦርሳ ቢያዝ ይመረጣል። በድሮዎቹ መርከቦች የመጀመሪያና የመጨረሻ ምሽት ሙሉ የምሽት ልብስ የማይጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነበር። በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ሻንጣዎች ለማውረድ ኮሪደር ላይ ይቀመጣሉ። ሁሉንም ልብሱን አሽጎ ያስረከበ ተሳፋሪ በማግስቱ ጠዋት በእራት ልብሱ፣ ሲብስም በፒጃማ፣ ከመርከብ ለመውረድ ይገደዳል።