የወላጅ ኮምፒውተር ከሶኬቱ ይጀምራል

አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙት ተርባይኖች በሁለት ዙር የተተከሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው 51፣ በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የቆቃ ግድብም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ብዙም ሳይርቅ አለ። ይህ ሁሉ ኃይል በደጅ እየመነጨ የቤቱ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ ነዋሪውን ቢያስገርመው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንቆቅልሽ አይደለም። የሚመነጨው ኃይል በከፍተኛ መስመር ወደ ብሔራዊው ቋት ይገባል፤ የአንድ ቤት መብራት ግን የሚወሰነው በሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ በምሰሶውና በሽቦው ጤንነት ነው። ስለዚህ በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ለእናቱ ወይም ለአባቱ በአነስተኛ ወጪ ኮምፒውተር ሊያዘጋጅ ያሰበ ልጅ ከፕሮሰሰሩ በፊት ሶኬቱን ቢያይ ይሻለዋል።

በመጀመሪያ ግን ወላጅ በኮምፒውተር ምን ይሠራል? ጡረታ የወጣ መምህር የሚጽፈው አያጣም። የዕድር ጸሐፊ የአባላቱን መዋጮ በደብተር መመዝገብ ሰልችቶታል። እናት ሚኒያፖሊስ ወይም ሪያድ ያለች ልጇን በስልክ ስክሪን ሳይሆን በሰፊው ማየት ትፈልጋለች፤ ስብከትም ሆነ መንዙማ፣ ዜናም ሆነ ድራማ በዩቲዩብ ትከታተላለች። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ከባድ ማሽን አይጠይቅም። የሚጠይቁት ትልቅ ፊደል፣ ጥሩ ድምፅና ሥራው መሐል ላይ ድርግም የማይል ማሽን ነው።

«ታዲያ ላፕቶፕ አይሻልም? ባትሪ አለው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ መብራት በየቀኑ ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ሰፈር ላፕቶፕ ያሸንፋል። በሌላው ሰፈር ግን ዴስክቶፕ እመርጣለሁ። ስክሪኑ ዐይን ትክክል ይቀመጣል፤ አንገት አያጎብጥም። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ቢፈስ የሚቀየረው ኪቦርዱ ብቻ ነው። የልጅ ልጅም ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ትምህርት ቤት አይወስደውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ግዢው ነው። አዲስ ዕቃ አንድ በአንድ ገዝቶ መገጣጠም በሌላ አገር ርካሽ መንገድ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን እምብዛም አያዋጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ተወደደ። የሚያዋጣው ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተው የሚመጡት «ብራንድ» የሚባሉት ዴስክቶፖች ናቸው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ፕሮዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። የተሠሩት ቀኑን ሙሉ ሳይጠፉ እንዲውሉ ታስቦ በመሆኑ ዐሥር ዓመት ያለፈው እንኳ የሚሠራው ብዙ ነው። እንደዚህ ያለውን ማሽን ገዝቶ፣ ከፍቶ፣ አጽድቶ፣ ጥቂት ክፍሎቹን መቀየር፣ የእኛ አገር «መገጣጠም» ይኸው ነው።

ሻጭ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ሲል ንግግሩ አላለቀም፤ ስንተኛ ጀነሬሽን? ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። አይ5-4590 ከሆነ የመጀመሪያው አኃዝ 4ኛ ጀነሬሽን መሆኑን ያሳያል፤ አይ5-6500 6ኛ፣ አይ5-8500 8ኛ ነው። ስሙ ብቻ እንደሚያታልል ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል፦ አይ3-8100 ባለ አራት ኮር ነው፤ አይ5-7500ም እንዲሁ። «አይ ስሪ» ተብሎ የሚናቀው የ8ኛው ልጅ ከ7ኛው «አይ ፋይቭ» ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ሊል ይችላል። የሻጩን ቃል ማጣራትም ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ታስክ ማኔጀርን መክፈት። ዴል ከሆነ ከኬዙ ላይ የተለጠፈውን ሰርቪስ ታግ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ማሽኑ መቼ ከፋብሪካ እንደተላከ ያወጣዋል።

የ8ኛው ጀነሬሽን ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አቅም ካለ 8ኛውን ገዝቶ ዊንዶውስ 11 መጫን፤ ከሌለ ረከስ ያለውን 4ኛ ወይም 6ኛ ገዝቶ ሊኑክስ ሚንት መጫን። ሚንት በነፃ ይገኛል፣ ቫይረስ እምብዛም አይደፍረውም፣ መልኩም ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። ሥራቸው ዩቲዩብ፣ ኢሜይልና የቪዲዮ ጥሪ ብቻ ለሆነ ወላጅ ልዩነቱ አይታያቸውም። አባት ለዓመታት በዊንዶውስ ላይ በሚሠራው ፓወር ግዕዝ ሲጽፉ ከኖሩ ግን ነገሩ ይለያል። ጣታቸው የለመደውን ከመንጠቅ ዊንዶውስ የሚቀበል ማሽን መፈለግ ይበልጣል። በአፋን ኦሮሞ ለሚጽፍ ወላጅ የተለየ ኪቦርድ አያስፈልግም፤ ቁቤው የላቲን ፊደል ነው፣ ሁዳውም (') እዚያው ኪቦርዱ ላይ አለ። ዎርድ ላይ ግን የፊደል አራሚውን ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ገጹን ሁሉ በቀይ መስመር ሞልቶ፣ አንዳንዱንም ቃል በራሱ ሥልጣን ወደ እንግሊዝኛ ለውጦ ጸሐፊውን ያሳብዳል።

ያለ ፈቃድ ዊንዶውስ ስለሚያስነሣው «ክራክ» አንድ ነገር ልበል። ከዊንዶውስ 10 ጋር የተሸጡት አብዛኞቹ የብራንድ ማሽኖች ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደውን ትክክለኛ ፋይል መጫን ብቻ ነው የሚጠበቀው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያስመዘግባል። ያለ በቂ ምክንያት ክራክ የሚጭን ሱቅ ከቫይረስ ጋር ሊያስረክብ ይችላል።

ከውስጡ የሚቀየሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ ይግባ፤ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ወጪ የለም፤ ሲነሣ ደቂቃዎች የሚፈጀው ማሽን በሰከንዶች ይነሣል፤ የሚዞር አካል ስለሌለውም መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጋጭ ነገር የለውም። ራም 8 ጊጋባይት ይሁን። በፕሮሰሰሩና በፋኑ ብረት መሐል ያለው ቅባት በዓመታት ብዛት ስለሚደርቅ ጠርጎ አዲስ መቀባት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ያላት ሲአር 2032 ባትሪም መቀየር ይገባል። ይህቺ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑ ሲዛባ ደግሞ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደሉም» እያለ ይዘጋል። ስንት ጤነኛ ኮምፒውተር በዚህች ባትሪ ሰበብ «ኢንተርኔት አልሠራ አለ» ተብሎ ጥገና ቤት ሄዷል!

አሁን ወደ ሶኬቱ እንመለስ፤ ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚህ ነው። ብዙ ቤተሰብ ቀድሞ የሚገዛው ስታቢላይዘር ነው። የብራንድ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላል፤ መብራቱ ደከም ሲል ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ እንኳ እሱ አይጠፋም። የሚጎዳው ድንገት መቋረጡና ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ እንጂ ስታቢላይዘር አልመክርም። በገበያ የሚገኘው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አለው፤ በሒሳብ 84 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። የቢሮ ዴስክቶፕ በቀላል ሥራ ላይ ከነሞኒተሩ 60 ዋት ገደማ ይወስዳል። በወረቀት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይመስላል፤ ነገር ግን ባትሪው ቶሎ ሲሳብ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፣ ዩፒኤሱም ለራሱ ይበላል። አዲስ ባትሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ደብዳቤ ለመጨረስና በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር በዩፒኤሱ ላይ ፈጽሞ አይሰካ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው።

የስምጥ ሸለቆው ሙቀት የሚጎዳውም እዚሁ ላይ ነው። ሰው ሙቀት ሲባል ፕሮሰሰሩን ያስባል፤ ፕሮሰሰር ግን ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ያቀዘቅዛል። ሙቀትን የማይችለው የዩፒኤሱ ባትሪ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየዐሥር ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አዳማ ላይ ሦስት ዓመት የሚቆይ ባትሪ ዝቅ ብላ በምትገኘው መተሐራ ያን ያህል እንዲቆይ መጠበቅ አይቻልም። ዩፒኤሱን ከፀሐይ በሚርቅ ግድግዳ ሥር ማስቀመጥ፣ ባትሪውንም ሳይሞት መቀየር ይበጃል፤ መላውን ዩፒኤስ መጣል አያስፈልግም።

ኬዙን ሲነኩት ይነዝራል? ብዙ ቤት ይነዝራል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኃይል ወደ ብረቱ ያወጣል፤ ያ ኃይል በግራውንድ ሽቦ ወደ መሬት መሄድ ነበረበት፤ ሶኬቱ ግራውንድ ከሌለው የሚነካውን ሰው ይፈልጋል። ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ሆኖም የቤቱ ሽቦ ጉድለት እንዳለበት የሚያሳብቅ ምልክት ስለሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ግራውንድ ማስገባት ነው። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በርካሹ ተገጣጣሚ ኬዝ ጀርባ «115/230» የሚል ቀይ ማብሪያ ከተገኘ ሁልጊዜ 230 ላይ ይሁን፤ ልጅ ተጫውቶበት 115 ላይ ካዋለው፣ ሲበራ ፓወር ሰፕላዩ ይፈነዳል። ብራንዶቹ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ሌላ ጉድለት ግን አላቸው። የአንዳንዱ ዴልና ኤችፒ ፓወር ሰፕላይ አሰካኩ ለራሱ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሲቃጠል ተራው አይገባለትም። ሲገዛ «መለዋወጫው አለ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አቧራው ደግሞ የነፋሱ ታናሽ ወንድም ነው። ኬዙ ከወለል ላይ ሳይሆን ከጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ኮምፒውተሩም ቢለብስ አልቃወምም፣ ሲበራ ግን ይውለቅ፤ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ለማጽዳት ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት ያጓጓል። ግን የኮምፕረሰሩ አየር ውኃና ዘይት ያዘለ ነው፤ ፋኑንም ከልኩ በላይ ያሽከረክራል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ፋኑን በጣት ይዞ፣ በቂ ነው።

ሞኒተር ከ19 እስከ 22 ኢንች ቢሆን ደስ ይላል። ገንዘብ ከጠፋ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ያገለግላል። የ4ኛው ጀነሬሽን ዴሎች ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ የላቸውም፤ ዲስፕሌይ ፖርትን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ ይፈልጋሉ። ፊደል ለማተለቅ ሬዞሉሽኑን አትቀንሱ፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ስኬሉን 125 ወይም 150 በመቶ ማድረግ ዐይንን ያሳርፋል።

የት ይገዛ? ከመርካቶ ማምጣት ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ አዳማም በፈጣን መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። ለወላጅ ሲሆን ግን ጥቂት ብር ጨምሮ ከሚኖሩበት ከተማ መግዛት ይሻላል እላለሁ። ሲበላሽ ባጃጅ ላይ ጭኖ የሚወሰድበት፣ ባለሱቁ በስም የሚታወቅበት ቦታ ዋስትናው እሱ ነው።

ኢንተርኔቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዳታ ማጋራት ይቻላል፤ ዋይፋይ የሌለው አሮጌ ማሽንም ይሠራል፣ ስልኩም ይሞላል። ዊንዶውስ ላይ ግን ግንኙነቱን «ሚተርድ» ማድረግ አይረሳ፤ አለበለዚያ የወሩ ፓኬጅ በአንድ ሌሊት አፕዴት ያልቃል። ልጅ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ሆኖ እንዲያግዝ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚያሠራውን ኤኒዴስክን መጫንም ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ፕሮግራም የአጭበርባሪ መግቢያም ነው፤ «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሊደውል ይችላል። ኮምፒውተሩን አስረክባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለእናትና ለአባታችሁ ይህን ንገሯቸው፦ ቁጥሩን ከልጆቻቸው በቀር ማንም ቢጠይቃቸው ስልኩን ይዝጉ።