ሙጀሌ ከእግር ብቻ ተነቅሎ አያልቅም



ስለ ሙጀሌ የምጽፋትን ይህችን አጭር ሐሳብ በአንባቢያን ዓምድ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ለከተማ ሰው ተራ ቢመስለውም በካፋ ገጠር ግን በሙጀሌ እያነከሰ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ እንዳይሣቅበትም ቁስሉን የሚደብቅ ሕፃን አለ።

ሙጀሌ የቁንጫ ዘር ሲሆን ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሌላው ቁንጫ ነክሶ ሲሄድ ሴቲቱ ሙጀሌ ግን ቆዳ ሰርስራ ገብታ በዚያው ትቀራለች። በ1 ሳምንት ገደማ እንደ አተር ታብጥና በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ወደ መሬት አፍስሳ ትሞታለች። ትውልድዋ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመርከብ አንጎላ ገብታ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ አፍሪካን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አዳርሳለች።

እኛ በእሾህ ወይም በመርፌ ነቅለን የተገላገልን ይመስለናል። ነገር ግን ባልጸዳ መርፌ መንጋጋ ቆልፍ ሊገባ ይችላል፤ አንዱን መርፌ ቤተሰብ ሁሉ ሲቀባበለውም የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ከዚህም በላይ ሙጀሌ በሰው እግር ብቻ አይኖርም። በውሻ፣ በድመት፣ በአሳማና በአይጥም ይራባል። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከጦጣ የሚጠብቅልን ውሻ ማታ ከምድጃው ዳር ሲተኛ፣ ከመዳፉ የሚረግፈው እንቁላል በወለሉ አቧራ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ልጆቹም በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። የውሻና የአይጥ ቁንጫዎችም ትኩሳት የሚያመጡ ተሕዋስያንን ወደ ሰው ማስተላለፋቸው የታወቀ ነው።

ስለዚህ ውሻውን እናባርር አልልም፤ ማሳውን ማን ይጠብቃል? ነገር ግን ማደሪያው ከቤት ውጭ ይሁን፣ መዳፉም ይታይ። ወለሉ ውኃ ተረጭቶ ይጠረግ፤ እንዳይሰነጣጠቅም ይለቅለቅ። ልጆች ማታ ማታ እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጫማም ይኑራቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ የልጆችን እግር እንዲያዩ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ተፈትኖ የጠቀመው ዲሜቲኮን የተባለው ቅባት መሰል መድኃኒትም ለጤና ጣቢያዎቻችን እንዲታሰብ የሚመለከታቸውን እለምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሙጀሌን ከተዘነጉት በሽታዎች ወገን ቈጥሮታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ልጆቻችን ጣታቸው ሳይጎድል እንድረስላቸው።

አንድ አንባቢ
ከቦንጋ