በመዝገብ ያለውና በመጋዘን ያለው፤ የተጫኑ የፓይተን ፓኬጆች የፋይል ምዝገባ

የምርምር ውጤቱን በኮምፒውተር ስሌት ያገኘ ተመራማሪ በጽሑፉ የአሠራር ዘዴ ክፍል «ናምፓይ 1.26.4 ሥራ ላይ ውሏል» ብሎ ሲጽፍ፣ ቁጥሩን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ «ፒፕ ሊስት» ወይም «ፒፕ ፍሪዝ» ከተባሉት ትእዛዞች ነው። ገምጋሚውም ቁጥሩን ሲያይ፣ ስሌቱን ያከናወነው ኮድ የናምፓይ አዘጋጆች በዚያ ቁጥር ያወጡት ኮድ ነው ብሎ ይቀበላል። ትእዛዞቹ ግን ይህን አያረጋግጡም። የሚያነቡት ኮዱን ሳይሆን በተጫነበት ዕለት ስለ እርሱ የተጻፈውን መዝገብ ነው።

ፒፕ አንድን ፓኬጅ ሲጭን ፋይሎቹን «ሳይት-ፓኬጅስ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያኖራል። በጎናቸውም የፓኬጁን ስምና የቨርዥን ቁጥር የያዘ፣ ስሙ «ዲስት-ኢንፎ» በሚል የሚያበቃ ሌላ ፎልደር ይፈጥራል። በዚህ ፎልደር ውስጥ «ሜታዳታ» የተባለው ፋይል የፓኬጁን ማንነት ይገልጻል፤ «ኢንስቶለር» የጫነውን መሣሪያ ስም ይይዛል፤ «ሪከርድ» ደግሞ የተጫኑትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የሪከርድ እያንዳንዱ መስመር በነጠላ ሰረዝ የተለዩ ሦስት ነገሮች አሉት፤ የፋይሉ አድራሻ፣ የይዘቱ ሃሽ እና በባይት የተሰላ መጠኑ ናቸው። ሃሽ የፋይሉን ይዘት በአጭር የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት የሚወክል አሻራ ሲሆን፣ በይዘቱ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሪከርድ ማለት እንደ ሞዴል 19 ያለ የገቢ ደረሰኝ ነው። ዕቃው በዚያ ቀን ወደ መጋዘን መግባቱን ይመሰክራል፤ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ መኖሩን ግን አይመሰክርም። ለሙከራ በተከፈተ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውስጥ የናምፓይን ፎልደር በእጅ አጥፍቶ ዲስት-ኢንፎውን ብቻ መተው ይህን ያሳያል። «ፒፕ ሊስት» ናምፓይ 1.26.4 እንዳለ መናገሩን ይቀጥላል፤ ፓይተን ግን ሞጁሉን ሊያገኘው አይችልም።

መዝገቡ የተፈለገበት የመጀመሪያ ምክንያት የውጤት ትክክለኛነት ሳይሆን ማራገፍ ነበር። የፐርል ቋንቋ ተጠቃሚዎች ለዚህ ጉዳይ «ፓክሊስት» የተባለ ፋይል ነበራቸው። ፋይሉ በሞጁሉ የተጫኑትን ፋይሎች አድራሻ የሚዘረዝር ሲሆን፣ «ኤክስትዩቲልስ ኢንስቶልድ» የተባለው ሞጁል ዝርዝሩን እያነበበ የጎደሉትን ፋይሎች ያሳውቃል። ይሁን እንጂ ፓክሊስት ሃሽ ስለሌለው መጉደልን እንጂ መለወጥን አያውቅም። በፓይተን በኩል ከ2000 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይቀርብ የነበረው «ዲስትዩቲልስ» መጫንን እንጂ ማራገፍን አያውቅም ነበር። በ2009 የቀረበው ፔፕ 376 የተባለው የማሻሻያ ሐሳብ የዲስት-ኢንፎንና የሪከርድን ሥርዓት ዘረጋ። በ2012 የቀረበው ፔፕ 427 ደግሞ «ዊል» የተባለውን የፓኬጅ ቅርጽ ሲደነግግ ሪከርድን በጥቅሉ ውስጥ አካተተው። በ2018 የወጣው ፒፕ 10 በዲስትዩቲልስ የተጫኑ ፓኬጆችን አላራግፍም ማለት ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ የሚነግር መዝገብ በሌለበት ማራገፍ በግምት ማጥፋት ነው።

የሚያስገርመው መዝገቡ አሻራውን ይዞ ሳለ አሻራውን የሚመለከት አለመኖሩ ነው። ፒፕ ሲያራግፍ የሪከርድን አድራሻዎች ይከተላል እንጂ ሃሾቹን አያመሳክርም። «ፒፕ ቼክ» የተባለው ትእዛዝም፣ ስሙ ሌላ ቢያስመስልም፣ የሚፈትሸው ፓኬጆቹ እርስ በርሳቸው የሚጠይቁት ቨርዥን መሟላቱን እንጂ የፋይሎቹን ይዘት አይደለም። ስለዚህ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስሕተት ሲፈልግ በተጫነው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት መስመር ቢለውጥና ሳይመልሳት ቢረሳ፣ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ቁጥር ሁሉ ከዚያች መስመር ያልፋል። «ፒፕ ፍሪዝ» ግን የቀድሞውን ቨርዥን ይጽፋል። ሌላ ተመራማሪ በዚያው ዝርዝር መሠረት ኮምፒውተሩን አዘጋጅቶ ስሌቱን ሲደግም ውጤቱ አይገጥምለትም፤ የሁለቱም ሰነድ ግን ፍጹም አንድ ነው።

ሁለተኛው ችግር አንድን ፋይል ሁለት ፓኬጆች የእኔ ነው ሲሉ የሚፈጠረው ነው። በምስል ትንተና የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚያውቁት «ኦፕንሲቪ-ፓይተን» እና መስኮት የማይከፍተው ዓይነቱ «ኦፕንሲቪ-ፓይተን-ሄድለስ» በየስማቸው የሚጫኑ ፓኬጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ፋይሎቻቸውን የሚያኖሩት «ሲቪ2» በተባለው አንድ ፎልደር ነው። ኋላ የመጣው የፊተኛውን ፋይሎች ይተካል፤ ፒፕም ይህን ሲያደርግ አያስጠነቅቅም። ከሁለቱ አንዱ ሲራገፍ የጋራ አድራሻ ያላቸው ፋይሎች ይጠፋሉ፤ የቀረው ፓኬጅ በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ሆኖ ሥራውን ያቆማል። በዴቢያን ሊኑክስ ያለው «ዲፒኬጂ» በአንጻሩ የሌላ ፓኬጅ ንብረት የሆነን ፋይል ለመተካት ሲጠየቅ በመደበኛ አሠራሩ እምቢ ይላል።

ቆጠራውን ማካሄድ ግን ከባድ አይደለም። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር የሚገኘው «ኢምፖርትሊብ-ሜታዳታ» የእያንዳንዱን ፓኬጅ ሪከርድ አንብቦ አድራሻውን፣ ሃሹንና መጠኑን ይሰጣል። የቀረው ፋይሉን ከፍቶ በሻ-256 ስልት ሃሹን እንደገና ማስላትና ከተመዘገበው ጋር ማስተያየት ነው፤ ከሃያ መስመር በታች በሆነ ኮድ ይከናወናል። ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች ግን አሉ። ሪከርድ የራሱን ሃሽ ሊይዝ አይችልም። ፓይተን ከምንጭ ኮዱ ተርጉሞ የሚያስቀምጣቸው «ፓይሲ» ፋይሎች በፒፕ ሲመዘገቡም የሃሽ ቦታቸው ባዶ ነው፤ ባዶውን የሚዘል ቆጠራ በእውነት የሚሠራውን ኮድ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ስለሆነም «ፓይካሽ» የተባሉትን ፎልደሮች አስቀድሞ ማጥፋት ይመረጣል፤ ፓይተን መልሶ ይፈጥራቸዋል። በተጨማሪም ሪከርድን ተከትሎ የሚሄድ ፍተሻ በመዝገብ የሌለን ትርፍ ፋይል አያገኝም። ይህን ለማግኘት በሳይት-ፓኬጅስ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ዘርዝሮ የተመዘገቡትን መቀነስ ያስፈልጋል።

አንድ መጋዘን ሁለት መዝገብ ያዦች ሲኖሩት ደግሞ ቆጠራው ይወሳሰባል። ኮንዳ የራሱን መዝገብ «ኮንዳ-ሜታ» በተባለ ፎልደር ይይዛል፤ በዚያው ኢንቫይሮንመንት በፒፕ የተጫነ ፋይል በዚህ መዝገብ አይገባም። የሊኑክስ ስርጭቶችም የራሳቸው መዝገብ ስላላቸው፣ በ2020 የቀረበው ፔፕ 627 ሪከርድን እንዲያስቀሩት ፈቅዶላቸዋል። ሪከርድ የሌለውን ፓኬጅ ፒፕ አይነካም።

ሪከርድ ፊርማ የለውም። ፋይሉን የለወጠ ሰው መዝገቡንም አብሮ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ይህ ፍተሻ ከመዘንጋት እንጂ ከማጭበርበር አይጠብቅም። የወረደው የዊል ጥቅል ግን የመጀመሪያውን ሪከርድ በውስጡ ይዞ ይቀራል። ተመራማሪው «ፒፕ ዳውንሎድ» በተባለው ትእዛዝ ዊሎቹን አውርዶ ከመመረቂያ ጽሑፉ ዳታ ጋር ቢያስቀምጣቸው፣ በኮምፒውተሩ ያለው ኮድ በጥቅሉ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ከዓመታት በኋላም ፋይል በፋይል ማመሳከር ይቻላል።